ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን በምን ይለካ? ሜትር፣ ቶታል ስቴሽን፣ ፎቶግራፍ ወይስ ሌዘር

ክብ ቤተ ክርስቲያን ለመጀመሪያ ጊዜ ስለካ መሐሉን ፈለግሁ። ክብ ነገር ከመሐሉ እንደሚለካ ማንም ያውቃል፤ ሚስማር ተተክሎ ገመድ ይታሰርና ዙሪያው ይታያል። ቅኔ ማኅሌቱን ዞሬ ወደ ቅድስቱ በር ስጠጋ ግን መሐሉ ከመጋረጃው ጀርባ፣ መንበሩ ከቆመበት ከመቅደሱ ውስጥ እንደሚወድቅ ገባኝ። ወደዚያ እኔ አልገባም፤ ሜትሬም አይገባም።

ስለዚህ ከዳር ጀመርሁ። በዙሪያው ግድግዳ ውስጠኛ ፊት ላይ በ6 ሜትር የሚራራቁ ሁለት ነጥቦች መርጬ ሲባጎ ወጠርሁ። ከሲባጎው እኩሌታ እስከ ግድግዳው ያለው ክፍተት 50 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ቀመሩ ቀላል ነው፦ የሲባጎው ርዝመት በራሱ ይባዛና ለክፍተቱ ስምንት እጥፍ ይካፈላል፤ ከዚያ የክፍተቱ ግማሽ ይደመርበታል። የክቡ ሬድየስ 9 ሜትር ከ25 መጣልኝ። ለማረጋገጥ ደግሜ ስለካ ክፍተቱ 51 ሆነ። በአንዲት ሴንቲ ሜትር የተነሣ ሬድየሱ ወደ 9 ሜትር ከ8 ሴንቲ ሜትር ወረደ፤ 17 ሴንቲ ሜትር ጠፋ ማለት ነው። በጭድና በጭቃ በተለሰነ ግድግዳ ላይ ደግሞ አንድ ሴንቲ ሜትር የልስኑ እብጠት ብቻውን የሚያመጣው ነገር ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ «በምን እንለካው?» የሚለውን ጥያቄ አቃልዬ አላውቅም። ጥያቄው ከብዙ ወገን ይመጣል። ሰበካ ጉባኤው ክዳን ሊያድስ ሲነሣ ይጠይቃል፤ የአርክቴክቸር ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው ሲዘጋጅ ይጠይቃል፤ አሜሪካና አውሮፓ የሚኖሩ የአጥቢያው ልጆች ገንዘብ አዋጥተው «በሌዘር ይቀረጽልን» ብለው ሲደውሉም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለእነርሱ ነው። እኔ ራሴ በአራቱም መንገዶች ሠርቻለሁና የማደላበትን ቦታ አልደብቅም።

ከመሣሪያው በፊት ስኬሉ

ብዙ ሰው ምርጫውን ከመሣሪያው ይጀምራል። መጀመር ያለበት ግን ከሚፈለገው ሥዕል ነው። በወረቀት ላይ የሚሳል ቀጭን መሥመር ውፍረቱ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ያ መሥመር በ1፡100 ስኬል፣ ማለትም ሥዕሉ ከሕንፃው መቶ እጥፍ አንሶ ሲሳል ከሕንፃው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ይሸፍናል፤ በ1፡50 ሲሳል 1 ሴንቲ ሜትር፣ በ1፡20 ሲሳል 4 ሚሊ ሜትር። ከመሥመሩ ውፍረት ያነሰ ስሕተት በሥዕሉ ላይ አይታይም።

ለቅጥር ግቢው አጠቃላይ ፕላን 1፡100 ወይም 1፡200 ይበቃል። ክዳን ለመቀየር፣ ምሰሶ ለመደገፍ፣ ግድግዳ ለመጠገን 1፡50 ያስፈልጋል። የተፈለፈለ መስኮት፣ ሐረግ የተቀረጸበት ቅስት ወይም የእንጨት በር ለመመዝገብ ደግሞ ወደ 1፡20 እና 1፡10 መውረድ ግድ ነው። በ1፡50 ለሚሳል የክዳን ጥገና በሚሊ ሜትር ይለካልን ብሎ ውል መዋዋል ጤፍን አንድ በአንድ ቆጥሮ እንደ መሸጥ ነው። ገንዘቡ ለቆርቆሮና ለእንጨት ቢውል ይሻላል።

ስኬሉ ሲታወቅ ሁለት ጥያቄዎች ይቀራሉ። ሕንፃው የትኛውን ክፍሉን አያሳይም? ሥዕሉን ማን ያነበዋል? አናጢው የሚያነበው ሥዕልና የመዋቅር መሐንዲስ የሚያነበው ሥዕል አንድ አይደሉም።

ሜትር፣ ቱንቢና ሲባጎ

ከመነሻው እንዳማረርሁት አይምሰላችሁ፤ የእጅ ልኬት የማከብረው ሥራ ነው። የሚያስፈልገው የ30 ሜትር ቴፕ፣ የ5 ሜትር ሜትር፣ ቱንቢ፣ ሲባጎ፣ ግንበኞች ከፍታ የሚያስተላልፉበት ውኃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ፣ እርሳስና ሰፊ ወረቀት ነው። ሦስት ሰው ካለ አንድ መካከለኛ የገጠር ቤተ ክርስቲያን በሁለት ወይም በሦስት ቀን ያልቃል።

ሥራውን የሚያበላሹት ጥቂት ልማዶች ናቸው። የመጀመሪያው እየቆራረጡ መለካት ነው። ከማዕዘን እስከ በር፣ ከበር እስከ መስኮት፣ ከመስኮት እስከ ማዕዘን ተለይቶ ቢለካ የእያንዳንዱ ስሕተት ተደማምሮ መጨረሻው ላይ ይከመራል። የቴፑ ዜሮ ማዕዘኑ ላይ ተይዞ ሁሉም ከዚያው ቢነበብ ግን ስሕተቱ አይደመርም። ሁለተኛው ማዕዘኖችን ቀጥ ያሉ ናቸው ብሎ ማመን ነው። 4 በ6 ሜትር የሆነ ክፍል ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲለካ በሁለቱም በኩል 7 ሜትር ከ21 ይመጣል። አንዱ 7.15 ሌላው 7.27 ከሆነ ክፍሉ ተንጋዷል፤ ያንን የሚናገረው ይህ ሰያፍ ልኬት ብቻ ነው። ሦስተኛው ወለሉን ውኃ ልክ ነው ብሎ መነሣት ነው። ከደጃፉ ደፍ አንድ ሜትር ከፍ ብሎ በውኃ ቱቦው አግድም መሥመር በጠመኔ ነጥብ በነጥብ ይያዝና ከፍታው ሁሉ ከዚያ መሥመር ወደ ላይና ወደ ታች ይለካል። ጠመኔው ሥዕል ባለበት ግድግዳ ላይ እንዳይነካ! ሥዕል ካለ ነጥቡ በቆመ ዘንግ ላይ ይያዛል።

የእጅ ልኬት ትልቁ ጥቅም ሰውየውን ከግድግዳው ጋር ማፋጠጡ ነው። ደብረ ዳሞን በመሰለ፣ ድንጋይና እንጨት እየተፈራረቁ በተደረደሩበት ግድግዳ ላይ «የዝንጀሮ ራስ» የምንላቸውን ጉጦች አንድ በአንድ ስትለኩ የትኛው እንጨት የጥንት፣ የትኛው ኋላ የተተካ እንደሆነ እጃችሁ ይነግራችኋል። የመጥረቢያው አሻራ፣ የማጋጠሚያው አቆራረጥ፣ የበሰበሰው ጫፍ በማስታወሻው ላይ ይሰፍራል። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን ጉዞ አርክቴክቶችን ይዞ ነበር። በ1913 የታተመው የጉዞው ውጤት ደብረ ዳሞንም ይጨምራል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ሥዕሎቹ ያለ ምንም ማሽን ይነበባሉ።

የፓሪሱን ኖትር ዳም ያነሣሁ እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2019 በእሳት የወደመውን የመካከለኛው ዘመን የእንጨት ጣራ ሬሚ ፍሮሞንና ሴድሪክ ትሬንተሶ የተባሉ ሁለት አርክቴክቶች በ2014 ወጥተው እያንዳንዱን እንጨት መዝግበውት ነበር። ጣራው እንደ ቀድሞው በእንጨት ሲሠራ አናጢዎቹ የተመሩት በዚያ ነው። ካቴድራሉ ከዚያ ቀደም ብሎም በሌዘር ተቀርጾ ነበር፤ እመለስበታለሁ። ሌዘሩ የጣራውን ቅርጽ ያሳያል፤ አንዱ እንጨት በሌላው ውስጥ እንዴት ተሰክቶ እንደቆመ የሚያውቀው ግን ቀርቦ ያየው ሰው ነው።

የማይሆንበት ቦታም አለ። ለረዥም ክብ ግድግዳ፣ እጅ ለማይደርስበት ጣራ፣ አንድም ቀጥ ያለ ገጽ ለሌለው ከአለት ለተፈለፈለ ሕንፃ ሜትር ብቻውን ጉልበት መጨረስ ነው።

ቶታል ስቴሽን

ያን ክብ ቤተ ክርስቲያን ከዓመት በኋላ በቶታል ስቴሽን ለካሁት። መሣሪያው በሦስት እግሩ ላይ ቆሞ ማዕዘንንና ርቀትን ባንድ ጊዜ ያነባል፤ በተለመዱት ዓይነቶች የርቀቱ ስሕተት 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ነው። የመቅደሱ ግድግዳ መሐል ላይ ቆሞ ስለሚጋርድ ከአንድ ቦታ ሁሉንም ማየት አይቻልም። በቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ በአራት ቦታ እየተከልሁ ዞርሁና መጨረሻ ላይ ወደ ተነሣሁበት ነጥብ ተመለስሁ። ያኔ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቁጥር የተለያዩት በ6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበር። በእኔ እምነት የቶታል ስቴሽን ውበቱ እዚህ ላይ ነው፤ ስሕተቱን ራሱ ይነግራችኋል።

በዙሪያው ግድግዳ ላይ 24 ነጥቦች ወስጄ ቤት ገብቼ ክብ አስማማሁባቸው። ከ24ቱ 19ኙ ከክቡ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ አይርቁም። በምዕራብ በኩል ያሉት አምስቱ ግን ተሰልፈው ወደ ውስጥ ገብተዋል። በማግስቱ ተመልሼ ያን ቦታ ሳየው የድንጋዩ አደራደር ይለያል፤ ጭቃውም ሌላ ነው። አንድ ቀን ግድግዳው ወድቆ በሌላ እጅ ተሠርቷል። የቄሰ ገበዙ አያት ስለ መውደቁ ይነግሯቸው እንደነበር የሰማሁት ከዚያ በኋላ ነው። በሲባጎ ለክቼ የተምታታብኝ በእነዚያ አምስት ነጥቦች አጠገብ መሆኑን አሁን አውቃለሁ።

ቶታል ስቴሽን የሚለካው የተመረጠ ነጥብ ነው። ያልጠቆሙትን አያውቅም፤ ስለዚህ የሕንፃውን አጥንት ይሰጣል እንጂ ሥጋውን አይሰጥም። ይሁን እንጂ ፎቶውም ሌዘሩም የሚታመኑት እርሱ በሚያስቀምጣቸው ነጥቦች ነው። አንድ መሣሪያ ብቻ ተከራዩ ብባል ይህንን እከራያለሁ።

ስንጥቅ ለሚያሳስባችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ስንጥቁ እየሰፋ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ሕንፃውን በየዓመቱ በሌዘር ማስቀረጽ ብክነት ነው። ስንጥቅ የሚንቀሳቀሰው በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ ሊሆን ይችላል፤ ያ ደግሞ ከስካነሩ ስሕተት ያንሳል። በስንጥቁ ግራና ቀኝ የሚጣበቅ ባለ መሥመር የፕላስቲክ መለኪያና በየወሩ ቀኑን እየጻፈ የሚያነብ አንድ ዲያቆን ይበልጣል።

ፎቶግራሜትሪ

ከፎቶግራፍ ልኬት የማውጣት ይህ ሥራ በሕንፃ ላይ የዋለበት ታሪክ ከቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 አልብሬሽት ማይደንባወር የተባለ ወጣት ጀርመናዊ የቬትስላርን ካቴድራል ሲለካ ከከፍታ ላይ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ከመለካት ፎቶ አንሥቶ ከፎቶው መለካት አይቻልም ወይ ብሎ ማሰብ የጀመረው ያኔ ነው። በ1885 የፕሩሲያ መንግሥት ሐውልቶችንና አብያተ ክርስቲያናትን በፎቶ የሚለካ ተቋም በእርሱ መሪነት አቋቋመ።

ዛሬ አንድ ደህና ካሜራና ጠንካራ ኮምፒውተር ይበቃል። ከተለያየ ቦታ የተነሡ በመቶ የሚቆጠሩ ፎቶዎች ለሶፍትዌር ይሰጣሉ፤ ሶፍትዌሩ በፎቶዎቹ መካከል የሚመሳሰሉትን ነጥቦች አገናኝቶ ሕንፃውን ከነቀለሙ ያቆመዋል። ዋጋው ከሌዘር ጋር አይወዳደርም። ቀለሙም ከሌዘር ቀለም እጅግ የጠራ ነው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የጨርቅ ሥዕል የት እንደተነፋ፣ የት ከግድግዳው እንደለቀቀ ጭምር ያሳያል፤ ለሥዕል ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ፎቶ አነሣሡ ግን ቱሪስት እንደሚያነሣው አይደለም። እያንዳንዱ ፎቶ ከጎረቤቱ ጋር ቢያንስ 60 በመቶ፣ ቢቻል 80 በመቶ መደራረብ አለበት። አንድ ቦታ ቆሞ መዞር አይረዳም፤ ጥልቀት የሚገኘው ጎን ለጎን በመራመድ ነው። ሌንሱን እያቀረቡ እያራቁ መቀያየር አይገባም። ብልጭታ በጧፍ ጭስ በወዛ ሥዕል ላይ ነጭ ነጸብራቅ ስለሚተው ካሜራውን በሦስት እግር አቁሞ በተፈጥሮ ብርሃን ቀስ ብሎ ማንሣት ይሻላል።

ሁለት ወጥመዶች አሉት። አንደኛ፣ ከፎቶ የወጣ ሕንፃ መጠን የለውም፤ የክብሪት ሣጥንም ካቴድራልም ሊሆን ይችላል። ርዝመቱ በትክክል የታወቀ ዘንግ በፎቶው ውስጥ መግባት አለበት። ሁለተኛው የባሰ ነው። ረዥም ግድግዳ ይዘው ሲሄዱ ስሕተቱ ሳይታወቅ እየተጠራቀመ ቀጥ ያለው ግድግዳ እንደ ሙዝ ይጎብጣል። በክብ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ዞረው ሲመለሱ ደግሞ መነሻውና መድረሻው ሳይገናኙ ይቀራሉ። በኮምፒውተሩ ላይ የሚታየው ሥዕል ግን ያማረ ስለሆነ ማንም አይጠረጥረውም። መድኃኒቱ ቶታል ስቴሽን ነው፤ በግድግዳው ዙሪያ አሥር አሥራ አምስት ምልክቶች በጊዜያዊ ወረቀት ተለጥፈው ይለኩና ሶፍትዌሩ በእነርሱ ይታሰራል።

ሌዘር ስካነር

ስካነሩ በሦስት እግሩ ላይ ቆሞ እየተሽከረከረ በሴኮንድ በመቶ ሺዎች፣ በአዲሶቹ ደግሞ እስከ ሁለት ሚሊዮን የሚደርሱ ነጥቦችን ይለካል። ከየቦታው የተለካው ሲጋጠም ሕንፃው የነጥብ ደመና ሆኖ ይቆማል። በአሥር ሜትሮች ርቀት የእያንዳንዱ ነጥብ ስሕተት ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። ጨለማ አያግደውም።

ከአለት ለተፈለፈለ ሕንፃ ይህን የሚተካ የለም። እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳቸው ያጋደለ፣ ወለላቸው የወጣ የገባ፣ ምሰሶዎቻቸው አንዱ ከሌላው የማይመሳሰል ነው። የቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ 12 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው፤ በዙሪያው ወደ ኋላ ሸሽቶ ቀና ብሎ ፎቶ ለማንሣት ስፍራ ይጠባል። ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ ላሊበላን አይቶ ስፋትና ርዝመቱን በስንዝር ሲጽፍ የሚያምነኝ አይኖርም ብሎ ሠግቶ ነበር። አሁን በኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው ዛማኒ ፕሮጀክት አብያተ ክርስቲያናቱን በሌዘር ቀርጿቸዋል። በዚያ መዝገብ ላይ ቆሞ የአለቱን ውፍረት፣ ማለትም ከአንዱ ክፍል ጣራ እስከ ላይኛው መሬት ስንት እንደቀረ ማስላት ይቻላል። ይህን ቴፕ በሕይወቱ አያገኘውም፤ ውኃ እየሰረገ ለሚያስቸግረው አለት ግን ዋናው ቁጥር እርሱ ነው።

በኖትር ዳምም አንድሪው ታሎን የተባለው የኪነ ሕንፃ ታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ2010 አካባቢ ካቴድራሉን ከ50 በሚበልጡ ቦታዎች ቆሞ በሌዘር ቀርጾ ከአንድ ቢሊዮን በላይ ነጥቦች ሰብስቦ ነበር። ዓይን ቀጥ ያሉ አድርጎ ይቀበላቸው የነበሩ ምሰሶዎች መሥመራቸውን ስተው መገኘታቸው የታወቀው ከዚያ ነው። ከእሳቱ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በ2018 ሞተ።

ስካነር የሚደናገርባቸው ነገሮች በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሞልተዋል። በወርቅ ክር የተጠለፈ ድባብ፣ የብር መስቀል፣ በዘይት ቀለም የሚያብረቀርቅ ግድግዳ፣ አዲስ ቆርቆሮ ጨረሩን ይበትኑታል። ምንጣፍ ወለሉን ይሸፍናል። ከወጋግራው በላይ ያለው ጨለማ ከታች ለተቆመ ስካነር አይታይም። የእንጨት ወለል ላይ ሲተከል ደግሞ ሰው ባለፈ ቁጥር ይንቀጠቀጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መጋረጃው ነው። ስካነር የሚለካውን አይመርጥም። የመቅደሱ በር ገርበብ ብሎ ቢቀር ወይም መጋረጃው በአንድ ጣት ቢከፈት ጨረሩ በዚያ ቀዳዳ ገብቶ የውስጡን ይለካል፤ ማንም ሳያውቅ መንበሩ በነጥብ ደመናው ውስጥ ይገኛል። በሠራሁበት አንድ ደብር ይህ ሊሆን ሲል አንድ አረጋዊ መነኩሴ «ልጄ፣ ይህ ዕቃ ያያል ወይስ አያይም?» ብለው ጠየቁኝ። ያያል አልኋቸው። ተነሥተው መጋረጃውን ራሳቸው ደራረቡት። ከዚያ ወዲህ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በሮቹን ካህኑ እንዲዘጉ፣ መጋረጃው እንዲደራረብ አደርጋለሁ፤ ማታ ደግሞ መረጃውን ከፍቼ ወደ ውስጥ ያመለጠ ነጥብ ካለ ለማንም ከማሳየቴ በፊት እሰርዛለሁ። በፕላኑ ላይ መቅደሱ በወፍራም መሥመር ተከብቦ ውስጡ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ያ ነጭ ቦታ ሥራው ጎደለ ማለት አይደለም፤ ሕንፃው በዙሪያው የተሠራው ለእርሱ ነው።

ስለ ስልክና ስለ ድሮን

እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ በአንዳንድ አይፎኖች ላይ ያለው ሌዘር እስከ 5 ሜትር ድረስ ይሠራል፤ ስሕተቱ በሴንቲ ሜትር ነው፤ ረዥም መንገድ ሲሄዱበትም ይንሸራተታል። ለአንድ በር ወይም ለመጀመሪያ ረቂቅ ይጠቅማል፤ ከዚያ በላይ አልመክርም።

ድሮን ጣራንና ግቢን ለማየት ተወዳዳሪ የለውም። ነገር ግን የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን ፈቃድ ሳይዙ ማስነሣት አይሞከርም። በላሊበላም ቤተ መድኃኔ ዓለምን፣ ቤተ ማርያምንና ቤተ አማኑኤልን የመሳሰሉት በትልልቅ መጠለያዎች ስለተሸፈኑ ከላይ የሚታየው መጠለያው ነው።

ከአገር ካርታ ጋር ሲያያዝ

ይህ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ፣ ግን ሥራን የሚያበላሽ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ቀያሾች ልኬታቸውን በአገር አቀፉ የካርታ መረብ ላይ ማስቀመጥ ይወዳሉ። ላሊበላ የሚገኘው በዚያ መረብ 37ኛ ቀጠና መካከለኛ መሥመር አጠገብ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በመካከለኛው መሥመር ላይ መረቡ ርቀትን በ0.9996 እያባዛ በ0.0004 ያሳንሳል፤ ከፍታው ደግሞ ሌላ 0.0004 ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ ሲደመሩ መሬት ላይ 100 ሜትር የሆነው በካርታው 99 ሜትር ከ92 ይሆናል። 33 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቤተ መድኃኔ ዓለም በወረቀት ላይ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል በላይ አጠረ ማለት ነው። ሚሊ ሜትር ለሚለካ መሣሪያ ተከፍሎ ሴንቲ ሜትሮች በስሌት ይጠፋሉ።

ስለዚህ ሕንፃው በራሱ መረብ ይለካ፤ ከካርታው ጋር የሚያያዘው በሁለት ወይም በሦስት ነጥቦች ብቻ ይሁን። ካርታው የተሠራበት የመነሻ ሥርዓት አዲንዳን የሚባለው የቆየው ይሁን ሳተላይት የሚጠቀምበት አዲሱ ይጻፍበት፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በመቶ ሜትሮች ይቆጠራል።

እኔ ብሆን

ለገጠር ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ክዳን ለማደስ፦ ቶታል ስቴሽን ለአንድ ቀን ተከራይቼ ዙሪያውን፣ ምሰሶዎቹንና የጉልላቱን ጫፍ እይዛለሁ፤ በርና መስኮቱን፣ ማገርና ወጋግራውን በሜትር እጨርሳለሁ። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ሥዕል ካለ በፎቶግራሜትሪ እጨምራለሁ። ሌዘር አያስፈልገኝም።

እንደ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራውና ግድግዳው በሥዕል ለተሞላ አራት ማዕዘን ሕንፃ፦ ዋናው ፎቶግራሜትሪ፣ ማሰሪያው ቶታል ስቴሽን።

ከአለት ለተፈለፈለ፦ ሌዘር፣ ሥዕልና ቅርጽ ላለበት ፎቶ፣ በመጨረሻም የታተመውን ሥዕል ይዞ በእግር ዞሮ በእርሳስ ማረም። ይህ የመጨረሻው ቀን ከበጀት ላይ ሲሰረዝ አይቻለሁ፤ እባካችሁ አታሰርዙት። ስካነሩ ስንጥቅንና የመዶሻ ጠባሳን አይለይም።

መሸከም ለማይቻልበት፣ ለምሳሌ እንደ አቡነ የማታ ጉሕ በገደል ለሚወጣበት፦ ካሜራ፣ አጭር ዘንግና ቴፕ። ወደ ደብረ ዳሞ ዕቃ የሚወጣው በገመድ፣ የሚወጡትም ወንዶች ብቻ ስለሆኑ የባለሙያው ቡድን ከመመረጡ በፊት ይህ ይታሰብ።

ፈቃዱ ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና ከሀገረ ስብከቱ ይጀምራል፤ ሰዓቱን የሚሰጡት ግን የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው። በጾም ቀን ቅዳሴው ወደ ቀትር ስለሚገፋ ከኪዳን በኋላ ያለው ጠዋት ለሥራ ይመቻል። የንግሥ ሰሞን አይታሰብ።

ርክክቡ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ደብር ስገባ ቄሰ ገበዙ ከዕቃ ቤቱ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ቀድሞ መጥተው በሌዘር የቀረጹ ባለሙያዎች የተውላቸው ሃርድ ዲስክ ነበር። ከልብሰ ተክህኖው ጋር በክብር አስቀምጠውታል። ኮምፒውተሬ ላይ ሰክቼ ስከፍተው ፋይሎቹ በዓመት ክፍያ በሚሠራ አንድ ሶፍትዌር ብቻ የሚነበቡ ሆነው ተገኙ። የመነሻ ነጥቦቹ ዝርዝር የለም፤ አንድ የታተመ ፕላን የለም። ሥራው እንደገና ከዜሮ ተጀመረ።

ስለዚህ የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የሚከተሉት በእጅ ይግቡ። በጥሩ ወረቀት የታተመ ፕላን፣ ሴክሽን (ሕንፃው ተቆርጦ እንደሚታይ የሚሳል ሥዕል) እና የአራቱም ወገን ገጽታ፣ ስኬሉ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በተሰመረ መለኪያ ጭምር ተጽፎበት፤ ወረቀቱ ፎቶ ኮፒ ተደርጎ መጠኑ ቢቀንስ እንኳ መለኪያው አብሮ ይቀንሳልና። የነጥብ ደመናው ኢ57 በሚባለው ክፍት የፋይል ዓይነት። ፎቶዎቹ እንደተነሡ። ቋሚ ነጥቦቹ የት እንደተተከሉ የሚያሳይ አንድ ገጽ፦ ከደጀ ሰላሙ ደፍ ስንት፣ ከግራር ዛፉ ሳይሆን ከማይነቀል ድንጋይ ስንት። የተለካበት ቀን፣ የለካው ሰው፣ ያልተለካው ቦታና ምክንያቱ። አንዱ ቅጂ በዕቃ ቤቱ፣ አንዱ በሀገረ ስብከቱ፣ አንዱ በቅርስ ባለሥልጣኑ ይቀመጥ፤ ሲረከቡም ፋይሉ በሰበካ ጉባኤው ጸሐፊ ኮምፒውተር ላይ፣ በፊታቸው ይከፈት።